በጨርቅ ሥር የቀረ እጅ

ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ግማሽ አካሉ ድንገት የከዳውን ሰው ይዘው የሚመጡ ዘመዶች ከሁሉ በፊት የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ መቼ ጀመረው? ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። አብዛኛው ዘመድ መልሱን አያውቀውም አሉ። አንዱ ማታ ሲተኛ ደህና ነበር ይላል፣ ሌላው ወድቆ አገኘነው ይላል፣ ሐኪሙም በግምት ይሠራል። የእኔ ዘመዶች ግን ጥያቄውን መመለስ ብቻ ሳይሆን ተካስሰውበታል፤ ምስክር አቁመውበታል። አጎቴ የታመመበትን ቅጽበት ለማወቅ ሰንበቴ ገበያ ላይ የተደረገውን ያህል ጥንቃቄ የተሞላ ክርክር በየትኛውም የሕክምና ጽሑፍ ላይ አላገኘሁም። የጎደለን ነገር ቢኖር ሕክምናው ብቻ ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በሰንበቴ የከብት ገበያ ደላላ ነበር። ደላላ የሚለውን ቃል ሲያነብ የከተማ ሰው ፊቱን እንደሚያጨማድድ አውቃለሁ። ከተማ ውስጥ ደላላ ማለት ያላየውን ቤት የሚያከራይ ሰው ነው። ሰንበቴ ላይ ግን ከቆላ ግመልና ፍየል ነድቶ የሚመጣው አፋር፣ ከደጋ እህል ጭኖ የሚወርደው ነጋዴ፣ በመካከሉ የምንኖረው እኛ፣ ሁላችንም ሌላው አታላይ ነው ብለን ስለምናምን፣ ሁላችንም የምናምነው አንድ ሰው ያስፈልገን ነበር። ያ ሰው እሱ ነበር። አማርኛውን ከኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን ከአፋርኛ እየቀላቀለ ሲያወራ ይውላል። ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን አንዱንም ቋንቋ አይጠቀምም።

ዋጋ የሚነገረው በእጅ ነው። ሻጭና ገዢ፣ ደላላ ሲኖርም ደላላውና አንዳቸው፣ ቀኝ እጃቸውን ይጨባበጡና በላዩ ላይ ነጠላ ወይም ሽርጥ ይጣልበታል። ከዚያ ጣት ከጣት ይነጋገራል። የትኛው ጣት እንደተያዘ፣ እስከ የትኛው አንጓ እንደተያዘ፣ እንዴት እንደተጨመቀ፤ ዋጋው ያ ነው። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁለቱ ስለ ዝናብና ስለ ጨፋ ሜዳ ሣር ሲያወሩ ይሰማል እንጂ ምን ያህል እንደተባባሉ አይሰማም። አልስማማም ያለ የያዘውን ጣት አጥብቆ ይይዛል። የተስማማ እጁን አላልቶ ይለቃል። ከተለቀቀ በኋላ ሽያጩ አልቋል፤ ፊርማ የለ፣ ማኅተም የለ። ደንቡም አጭር ነው። ድርድር ላይ ያለን ሰው ማንም አያናግርም፤ ጨርቁንም ማንም አይገልጥም።

እኔ ይህን አሠራር ስነቅፍ ነው የኖርኩት። ከሚሴ ላይ ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጋር የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ ዋጋ በአደባባይ መነገር አለበት፣ የተሸፈነ ገበያ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚል ጽሑፍ ሁሉ አውጥቼበታለሁ። አጎቴ ጽሑፉን አስነብቦ ሰማና፣ «አንተ እኮ ዕቃህን ገላልጠህ ነው የምትሸጠው። ሁሉም አየው። ማን ገዛህ?» አለኝ።

ያ ቀኝ እጅ እርሻው ነበር። ከአባቱ የደረሰው መሬት አንድ ጥማድ በሬ እንኳ በወጉ የማይዞርበት ስለነበር፣ ቤቱን ያቆመውም ልጆቹን ያስተማረውም በዚያ እጅ ነው። «የእሱ እጅ ከለቀቀ ለቀቀ» ይባልለት ነበር። ከዚህ ስም በቀር ንብረት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ አንዲት ግመል ካልቆጠርናት።

ያን ቀን ሊሸጥ የወጣው ያችን ግመል ነው። ሌላውን ሰው ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ለራሱ ሊሸጥ ነው ብሎ ገበያው ሁሉ በጉጉት ከቦታል። ዘመኑ ባጃጅ ከሚሴን ያጥለቀለቀበት፣ ሞባይል በየግመል ነጂው ሽርጥ ውስጥ የገባበት ዘመን ነው። ገዢው ከቆላ የመጡ አፋር ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ከአጎቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው ለቋንቋ ማሳመሪያ አይደለም።

እኔ አልነበርኩም። የነገሩኝ አጠገቡ የቆመው የበኩር ልጁና ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ከአንድ ነገር በቀር በሁሉም ይስማማሉ።

ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሐጂ ሽርጥ እጃቸው ላይ ተጥሏል። አጎቴ ስለ ዘንድሮ ሣር ሲያወራ የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ተጀመረ፤ ወሬውን አቆመ። አዛን ሲሰማ ዝም ማለት ወግ ስለሆነ ማንንም አልገረመም። አዛኑ እየተባለ ሳለ አፉ ወደ አንድ ጎን ጠመም አለ። ይህን ከብቦ የቆመው ሰው በሙሉ አየው፤ በሙሉም አንድ ዓይነት ትርጉም ሰጠው፤ ዋጋውን ናቀው። «ዛሬስ ሐጂ አለቀላቸው» አለ አንዱ። ከዚያ በጨርቁ ሥር እጁ ላላ፣ የያዘውን ጣት ለቀቀ። ሐጂ ራሳቸው ደነገጡ። በዚያ ዋጋ ይስማማል ብለው አልጠበቁም፤ ገና የሚጨምሩት ነበራቸው። ቢሆንም የተለቀቀ እጅ የተለቀቀ ነው። «ባረከላህ» ብለው ተነሡ። አጎቴ አልተነሣም።

ከእኛ ሰው በቀር ማንም የማይሠራው ስህተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። የሰውየው አፍ ጠሟል፣ አይናገርም፣ ቀኝ እጁ በድን ሆኖ ጨርቅ ለብሷል። ሌላ ቦታ ቢሆን አንዱ ይጮህ ነበር። ሰንበቴ ላይ ግን ይህ ሰው በሽተኛ ሳይሆን የሸጠ ሰው ነው። ግመሉን አሳንሶ የሸጠን ሰው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ አለማናገር ጨዋነት ነው። ጨርቁንም ማንም አይገልጥም። ስለዚህ ከበውት ቆመው ቁጭቱ እስኪወጣለት ጠበቁ። ልጁ ሳይቀር፣ «ቆጭቶት ነው፤ ተዉት» እያለ የሚጠጋውን ይመልስ ነበር። አጎቴ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ከድንጋዩ ላይ ሲንሸራተት ነው ቁጭት እንዲህ እንደማይጥል የገባቸው።

ከዚያማ ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ አፍንጫው ሥር ተደረገ፤ ምች ቢሆን ኖሮ ይለቀው ነበር። ውሃ የሚረጭ ረጨ፣ ቁርአን የሚቀራ ቀራ። «መኪና አምጡ» ያሉት ሐጂ ናቸው። ግመሏን ወደ ቆላ ለሚነዱት ልጆቻቸው አስረክበው፣ ገንዘቡን ለልጁ ሰጥተው፣ እሳቸውም ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ልጁ ገንዘቡን በአንድ እጁ ተቀብሎ በሌላው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይህ ግን ሽያጭ አይደለም» አለ። ክርክሩ የተጀመረው ሚኒባሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው።

ስልክ ሲደወልልኝ ከሚሴ ነበርኩ። አፉ ጠሟል፣ ቀኙ አልታዘዝ ብሏል ሲሉኝ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የትም ሳትቆሙ ወደ ደሴ እለፉ፣ እኔን ከመንገድ ዳር ታነሱኛላችሁ አልኳቸው። የትም ሳትቆሙ የሚለውን በተለይ ደጋግሜ ነው ያልኩት። ታዲያ ስልክ ለእኔ ብቻ አይደለም የተደወለው። ጨፋ ሮቢት ሲደርሱ ዘመድ መንገዱን ሞልቶ ጠበቃቸው። በሽተኛ አልፎ ሲሄድ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው፤ ስልክ ከመጣ ወዲህ ጠያቂው በሽተኛውን ቀድሞ ይደርሳል። እያንዳንዱ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ሰላምታውን ከኦሮምኛው አካም ጀምሮ እስከ ከብቱና እስከ ዝናቡ ሳያጓድል አደረሰ። መልስ መስጠት ለማይችል ሰው። ከዚያ አንድ አዛውንት ዱአ አደረጉ፤ ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ አሚን አለ። ዱአው ረጅምና ጥሩ እንደነበር ሐጂ መስክረዋል።

እኔ ስገባ አጎቴ ከሰንበቴ አብራው በተሳፈረችው ሚስቱ ጭን ላይ ተንተርሶ ነበር። ዓይኑ አወቀኝ። ግራ እጁን አንሥቶ ወደ ቀኝ እጁ አመለከተኝ። እዚያው እንደነበረ በሐጂ ሽርጥ ተሸፍኗል፤ እስካሁን የገለጠው ሰው የለም። ገለጥኩት። እጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት እንደተሰጠው ሰው።

ደሴ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር፤ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም። መቼ ጀመረው ብሎ ሲጠይቅ፣ መልስ ጠብቆ ሳይሆን ወጉን ለማድረስ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ሐጂ ቀደሙ። አዛኑ ወደ ሶላት ኑ የሚለው ላይ ሲደርስ እጄን ለቀቀ፤ እስከዚያ ድረስ ጤነኛ ነበር አሉ። ልጁ የለም አለ፤ አዛኑ ገና አላሁ አክበር ሲል ነው አፉ የጠመመው፣ እጁን የለቀቀውም እሱ አይደለም፣ በሽታው ነው። ሐጂ፣ አፉ ሲጠም ጣቴን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ የታመመ ሰው እንዲያ አይዝም አሉ። ልጁ፣ አባቴ በዚያ ዋጋ ግመል ቀርቶ ፍየል አይሸጥም አለ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባቴ፣ እኔ እዚህ ስሠራ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም» አላቸው ሐጂን። «ግን ግመሏ የት ነው የገባችው?»

ስናስረዳው አልገባውም። ሐጂ እጁን ያዙና ሽርጣቸውን ጣሉበት። አንድ ሐኪምና አንድ ግመል ነጋዴ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሐጂ ጣቱን እንዴት ይዞ እንደነበር፣ እንዴት እንደላላ አሳዩት። ሐኪሙ እጁን መልሶ፣ በሽታው የጀመረው አፉ ሲጠም ነው፣ እጁም የላላው በዚያው ነው፤ የለቀቀው እሱ አይደለም አለ። የአጎቴ ልጅ አባቱ የዳነለት ያህል ፊቱ በራ።

ከጭንቅላት ፎቶው በኋላ ሐኪሙ ምስሉን ወደ መብራት ይዞ አሳየን። በግራ በኩል አንድ የደም ሥር ጠርሙስ በቡሽ እንደሚደፈን በረጋ ደም ተደፍኗል። የአጎቴ ሚስት ክንዴን ይዛ ሳበችኝ። የታመመው ቀኙ ነው፣ እነሱ ግራውን ነው የሚያዩት፣ በል ንገራቸው አለችኝ በጆሮዬ። የግራው ጭንቅላት ቀኙን እጅ እንደሚያዝዝ ነገርኳት። ያነበብከው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ።

ምን ይደረግለታል አልኩት ሐኪሙን። እዚህ ላይ ነው ያን ነገር የነገረን። መንገር አልነበረበትም፤ ምናልባትም ሰዓቱን እስከ አዛኑ ቃል ድረስ አስተካክሎ የነገረው ዘመድ ከእኛ በፊት ስላላጋጠመው ውለታ መመለሱ ይሆናል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፣ እኛ ጋ የለም አለ። ከዚያም የሚሻል አለ። ከብሽሽት ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ በልብ አጠገብ አሳልፈው፣ በአንገት አውጥተው፣ እዚህ ያደርሱታል ብሎ ምስሉ ላይ ቡሹን በጣቱ ነካው። ከቱቦው ጫፍ እንደ መረብ የሚዘረጋ ሽቦ ይወጣል። የረጋውን ደም ይይዝና ይዞት ይመለሳል። አንዳንዱ በሽተኛ ገና ከጠረጴዛው ሳይወርድ የሞተ እጁን ያነሣል።

አጎቴ እንኳ አልጋው ላይ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

«ጭንቅላቱን ሳይከፍቱ?» አሉ ሐጂ።

«ሳይከፍቱ። በራጅ እያዩ ነው።»

ሐጂ ሽርጣቸውን ነካ አደረጉ። «እነሱም በጨርቅ ሥር ነው የሚሠሩት በለኛ።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ልክ እንደዚያ ነው አለ። የአጎቴ ሚስት ግን አልሳቀችም። «ከብሽሽት ተነሥቶ አናት? እኛ ከሰንበቴ ደሴ ስንገባ ጀንበር ጠለቀች። ለእነሱ መንገዱን ማን ሠራላቸው?»

ይህ ሕክምና የት ነው ያለው ብዬ ጠየቅሁ። እሱ እስከሚያውቀው ያኔ አገራችን ውስጥ አልነበረም። ባለበትም አገር ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለደረሰ ሰው ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ከዚያ የጻፈውን የአዛኑን ሰዓት አየና፣ ግንባሩን አከከና፣ «እናንተ ግን በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት» አለን።

በሕይወቴ ከሰማኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ይህን ያህል የማይረባ አላስታውስም። የቁጭቱ ጥበቃ፣ ዳማከሴው፣ የጨፋ ሮቢት ሰላምታና ዱአ ሁሉ ተደምረው እንኳ አላዘገዩንም። በሰዓቱ ደርሰናል፤ የደረስንበት ነገር ነው ያልነበረው። እኔ ከዚያ በፊት ስለ ዘመናዊ ሕክምና ትዕቢት ብዙ ጽፌያለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነውን ነገር ዝም ብዬ ማሳለፍ አልችልም። ከጻፍኩት አንድ መስመር አልሰርዝም። ሆኖም ያን ምሽት ያን ትዕቢተኛ ሽቦ አንድ ክንድ ያህል ቢሰጡኝ ጽሑፎቼን በሙሉ በምትኩ እሰጥ ነበር። ገበያ ላይ የሚያወጡትን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ አይደለም።

አስፕሪን ተሰጠው፤ የደም ግፊቱ ተያዘ። ለትንሽ ጊዜ ተኝቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ንግግሩ የተመለሰው በአንዲት ቃል ነው። ላኪ። በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ገዢ ዋጋ ባቀረበ ቁጥር የሚላት ቃል እሷ ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እሷ ቀረች። ውሃ ትፈልጋለህ ሲባል ላኪ ይልና ተቀብሎ ይጠጣል። ሰው ሲጠይቀው ላኪ ይልና በግራ እጁ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። የልቡ ሌላ እንደሆነ፣ አፉ ግን ከዚያች በቀር እንደማይወጣለት ዓይኑ ላይ ይታይ ነበር። የገበያ ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጥተው፣ ከእሱ የተሻለ ደላላ ከእንግዲህ አይገኝም፣ በምንም ዋጋ አይስማማም ብለው ቀለዱበት። በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

እጁም ትንሽ ተመለሰ፤ አመላለሱ ግን ጠማማ ነበር። ደሴ ሆስፒታል እጁን ታሠራው የነበረችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ መያዝ ይቀድማል፣ መልቀቅ መጨረሻ ነው የሚመጣው። እንዳለችው ሆነ። ኩባያ ከሰጡት ጣቶቹ ይጨብጡታል። ከዚያ አይለቁም። ክፈት ሲሉት ይታገላል፣ ጅማቱ ይገታተራል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ጣቶቹ ይብሱን ይጠብቃሉ። ሚስቱ አንድ በአንድ እየፈለቀቀች ነበር ኩባያውን የምታስለቅቀው። ለመልቀቅ የኖረ እጅ መልቀቅን ረሳ። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር አልፈለገም። ከንጋት ጀምሮ ደጃፍ ላይ ካለችው መደብ ተቀምጦ አንድ የጨርቅ ቁራጭ ይይዛል፤ ለመልቀቅ ይሞክራል፤ ይጨልማል።

በዚህ መካከል የደሴው ሐኪም ያለው ነገር ሰንበቴ ደርሷል፤ ሲደርስ ፍርድ ሆኖ ነው የደረሰው። ሐኪሙ ሽያጩን አፈረሰው ተባለ። ሐጂ ከበድን እጅ ግመል ገዙ ተባለ። አንዳንዱ አዛኑ ላይ እኔም ነበርኩ እያለ ሳይጠሩት መሰከረ። የአጎቴ ልጅ በየሻይ ቤቱ የግራው ጭንቅላት ቀኙን እጅ እንዴት እንደሚያዝዝ ሲያስተምር ሰማሁት፤ ከእኔ የሰማውን ከእኔ አሳምሮ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሐጂ ግመሏን እየሳቡ ከደጁ ደረሱ። ወልዳለች፤ ግልገሏ ከኋላ ትከተላለች። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና የአጎቴ ልጅ ነበሩ፤ እኔም ልጠይቀው መጥቼ ነበር። ሐጂ ሰላምታቸውን ጨርሰው አጠገቡ ተቀመጡና ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። እጁን ሲለቅ የተስማማ መስሎኝ ነው፤ የታመመ ከሆነ ግን ካልተስማማ ሰው የተገዛ ወተት ልጆቼን አላጠጣም፤ ግመሏም ግልገሏም እነዚህ ናቸው አሉ። ከዚህ የበለጠ የቀና ነገር ሰምቼ አላውቅም። የአጎቴ ልጅ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ።

የአጎቴን ፊት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ጠቁሯል፤ ግመሏን የመለሱለት ሳይሆን «ከለቀቀ ለቀቀ» የሚለውን ስሙን የቀሙት ይመስል።

ሽማግሌዎቹ ግን ደንቡን መጠበቅ ነበረባቸው። አንደኛው ወደ እሱ ዞረው፣ ያን ቀን እጅህን ስትለቅ ታምመህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ላኪ አለ። ታዲያ ወደህ ነው የለቀቅኸው? ላኪ አለ። ሽማግሌው ፀጉራቸውን አከኩ። ልጁ፣ እሱን ምን ትጠይቁታላችሁ፣ ሐኪሙ ተናግሯል እኮ አለ።

አጎቴ በግራ እጁ ቀኙን አነሣው። ግራ እጅ ለውል አይሰጥም። እንደ ዕቃ ተሸክሞ ሐጂ መዳፍ ላይ አስቀመጠው፤ ጣቶቹንም ራሱ በግራው እየመራ ከሐጂ አንድ ጣት ላይ፣ አንድ አንጓ ላይ አስጨበጣቸው። ሐጂ ዓይናቸው ፈጠጠ። ያን ቀን የያዘው እዚያው ቦታ ላይ ነበር። እጃቸው ልማድ ሆኖበት ሽርጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው በላዩ ጣሉ።

አጎቴ በግራ እጁ ሽርጡን ያዘና ገለጠው።

ሽማግሌዎቹ እንደ መሸማቀቅ አሉ፤ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። በዚያ አገር ዋጋ በአደባባይ ሲነገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጽሑፌን ያስታወሰው ግን የለም፤ እኔም ራሴ ያስታወስኩት ዘግይቼ ነው። ሁላችንም የምናየው እጁን ነበር። የሐጂን ጣት ጨብጦ ይዟል። ከዚያ ሊለቅ ጀመረ።

ኩባያ ያልለቀቀ እጅ ነው። ከአንገቱ ጀምሮ ተንቀጠቀጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሚስቱ ልትረዳው ብትነሣ በዓይኑ መለሳት። ሐጂ ጣታቸውን እንደ እንጨት አድርገው ያዙለት፤ አልሳቡም፣ አልገፉም። ልጁ፣ «አባባ፣ ተወው፤ ተወው በቃ» እያለ ነበር። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ተነሣች። ቆየ። ከዚያ ሌላዋ። አውራ ጣቱ መጨረሻ ላይ ቀርታ ስታስቸግር፣ እኔም ሳላስበው የራሴን እጅ እየከፈትኩ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ተከፈተ። የሐጂ ጣት ነፃ ወጣ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። አንተ እንኳ ንገረው፣ ሐኪሙ ያለውን አንተም ሰምተሃል፣ አፉ ሲጠም እጁ አብሮ ሄዶ ነበር አለኝ። ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ልክ እንደነበረም አልጠራጠርም። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ተቃራኒውን በመናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ አፌ አልታዘዘልኝም።

ልጁ ከእኔ መልስ ቢያጣ ራሱ ተናገረው። «አባባ፣ ያን ቀን የለቀቅኸው አንተ አይደለህም። በሽታው ነው።»

«ላኪ» አለ አጎቴ።

ከታመመ ወዲህ ያቺ ቃል የተፈለገችበት ቦታ ላይ ስታርፍ የሰማሁት ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹም የሰሙት እንደዚያው ነው፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ሐጂ ትንሽ ተቀመጡ፤ «ባረከላህ» አሉ፣ ተነሡ። ግመሏን ፈቱ። ግልገሏ ከደጃፉ ሣር አልለይ ብላ ስታስቸግር የአጎቴ ልጅ ራሱ እስከ መንገዱ ድረስ ነዳላቸው።

ሐጂ ሽርጣቸውን ረስተው ነበር። ልሰጣቸው ብዬ ዞር ስል የአጎቴ ቀኝ እጅ ጫፉን ጨብጦታል። ልቀቅ ብለው አልለቅ አለ። እኔና ሚስቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠን አንድ በአንድ ጣቶቹን ስንፈለቅቅ ሐጂ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁ። እሱ ከላይ ሆኖ እጁን ያይ ነበር፤ ላኪ፣ ላኪ እያለ፣ በግማሽ ፊቱ እየሳቀ።